በባተርሲ የተፈታው ቀይ ጨርቅ

የልጅ ልጆቼ የጠየቁኝ ስለ ድሬዳዋ ነበር። «አያዬ፣ እስቲ ስላደጉበት ከተማ ይንገሩን» አሉኝ፤ ትልቋ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሪከርድ አድርጋ። ይህን «ይንገሩን» የሚሉትን ነገር ያስተማረቻቸው እናታቸው ናት። እኛ ድሬዎች ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ብለን ነው ያደግነው፤ እርስዎ ሲሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ደግ። ጀመርኩላቸው፤ ስለ ባቡሩ፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ ሙቀቱ። ግን ሳላስበው አፌ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ በግንብ ወደታጠረች፣ አምስት በር ወዳላት፣ ሕንድ አገር ወዳለች ከተማ።

«ዌይት፣ አያዬ፣ ኢንዲያ ኖረዋል እንዴ?» አለች ትንሿ።

አልኖርኩም። ጅቡቲ ኖሬአለሁ፣ ፖርት ሱዳን ኖሬአለሁ፣ ጅዳ ሰው ቤት ሠርቻለሁ፣ ከዚያ ለንደን። ሕንድን በእግሬ ረግጫት አላውቅም። ያቺን ከተማ ግን እንደ መዳፌ አውቃታለሁ፤ ወይም አውቃታለሁ ብዬ ኖሬአለሁ። ስልኩ ፊት ሳወራ ቃል ይጠፋብኛል፣ ስለዚህ በደብተር ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከገበያ መልስ፣ ዛፍ ሥር ነው። ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ።

ካውንስሉ ኬንቲሽ ታውን የሰጠን ፍላት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከበራችን ፊት ለፊት ያቺን ከተማ ያወራችልኝ ሕንዳዊት በር። ባሏ የሞተባት፣ ልጇ ሌላ ከተማ የሚኖር፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሴት። ሊፍቱ የተበላሸ ቀን ዕቃዋን ተሸክሜ አወጣሁላትና በዚያው ተዋወቅን። «ቤን» አለችኝ፤ በነሱ ቋንቋ እህት ማለት ነው። እኔም ቤን አልኳት፣ ከዚያ ወዲህ ስም አላስፈለገንም። የእኔም የእሷም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው፤ ቢሆንም ተግባብተናል።

እኔ ጧት ጧት ካምደን ቢሮ አጸዳ ነበር። ከሥራ ስመለስ ቤቷ እገባለሁ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጨርቅ ታስራለች። ነጩን ጨርቅ በትንሿ ጣቷ ጥፍር ምስር በምታህል ልክ ቆንጠር ታደርግና በክር ትጠመጥመዋለች፤ ደግሞ ቆንጠር፣ ደግሞ ጥምጥም፣ ክሩ ሳይቆረጥ። ጨርቁ ሲነከር የታሰረው ቦታ ቀለም አይገባውም። ሲፈታ ቀዩ ላይ ነጭ ነጥብ ነው፣ የተበተነ ሰሊጥ ይመስላል። እያሰረች ስለ ከተማዋ ታወራለች።

ግንቡን ያሠራው ገዢ፣ ሽፍቶች ገበያውን ሁለት ጊዜ ካቃጠሉበት በኋላ ነው አለችኝ። ከየቤቱ ሰው ወጥቶ ድንጋይ ተሸከመ። በሮቹ ላይ የብረት ሹል ተተከለ። ለምን ብላት «ዝሆን በግንባሩ ገፍቶ እንዳይከፍተው» አለች። ፀሐይ ስትገባ በሩ ይዘጋል፤ የዘገየ ነጋዴ ከነግመሉ ውጭ ነው። ውስጥ ነጋዴው፣ አንጥረኛው፣ ኩሬው አጠገብ ደግሞ የቀለም ነካሪዎች ሰፈር። የዚያ ኩሬ ውሃ ቀዩን አጥብቆ ይይዘዋል። ከግንቡ ውጭ ያለው ወረዳ ሁሉ ደረቅ አገር ነው፤ ዝናቡ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ጥቁሩ አፈር ላይ ጥጥ፣ አሸዋው ላይ ኦቾሎኒ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ባሕሩ ጨው። ሁሉም በጋሪና በግመል ወደ በሩ ይመጣል። በሩ ላይ የገዢው ሰው ቁጭ ብሎ ከእያንዳንዱ ጭነት ድርሻውን ያነሳል።

«ከተማችን በዚያ ነው የኖረችው» ትላለች ክሩን በጥርሷ ይዛ፣ «ገበሬው ያመጣል፣ እኛ በሩን እንይዛለን።»

ዝናብ የጠፋ ዓመት ወንዶቹ በመርከብ ይሄዳሉ፤ ዛንዚባር፣ ኤደን፣ ወደኛም አገር። ይህን ስትለኝ ነው ልቤ የሄደላት። ድሬ ልጅ ሳለሁ ከገበያው ማዶ የሕንዶች ጨርቅ ቤት ነበር፤ ሽማግሌው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በር ላይ ይቆም ነበር። «ምናልባት ያ ሰውዬ ከናንተ ከተማ የወጣ ነው» ስላት፣ «ታዲያ ዘመድ ነና!» ብላ ጉልበቴን መታችኝ።

በኋላ ባቡር መጣ፣ ሐዲዱ ከግንቡ ውጭ አለፈ፣ ገበያውም ተከትሎት ወጣ። የፋብሪካ ጨርቅ መጣና የነካሪዎቹ ሰፈር ሰው አለቀበት። ምድር ሲንቀጠቀጥ ደግሞ የግንቡ ግማሽ ወደቀ፤ ሰው ድንጋዩን እየወሰደ ቤት ሠራበት። እዚህ ላይ ስትደርስ ታለቅሳለች። «እኔ የተወለድኩት ከግንቡ ውስጥ ነው ቤን። እናቴ እዚያ ተቀምጣ ነው ያሰረችው፣ አያቴም።» እኔም አብሬያት አለቅሳለሁ። አገሩን ጥሎ የመጣ ሰው ለሌላው አገር ለማልቀስ ምን ይከብደዋል።

ማሰሩን አስተማረችኝ። እጄ ቶሎ ያዘው፣ ምክንያቱም በልጅነቴ ለአክስቴ ጫት በልጥ አስር ነበር፤ ዙርባውን፣ የጫቱን እስር ማለቴ ነው፣ ጠቅልለህ፣ ልጡን ወደ ግራ አዙረህ፣ ጥብቅ። ጨርቁንም ወደ ግራ አዞርኩት።

«ወደ ግራ! ምነው አንቺ?» ብላ ሳቀች። «የኛ ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚያዞረው።»

«እጄ የድሬ ነው፣ ምን ላድርገው?»

«ተይው ተይው። ሲፈታ ማን ያየዋል።»

የመጀመሪያውን ሻሽ ብቻዬን ጨርሼ ነከርኩት። የመታጠቢያ ገንዳው ቀልቶ ሴት ልጄ ከሥራ ስትገባ «እማ! ሻወር ቤት በግ አረዳችሁ እንዴ?» ብላ ጮኸች። እኔ ደግሞ ሰው ደስ ይበለው ብዬ ክሩን ሁሉ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ በካውያ ልጥጥ አድርጌ ተኩሼ፣ አጥፌ ወሰድኩላት። ቤን ስታየው ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽብኝ?»

«ተኮስኩት። አላማረም?»

«አምሯል! እንደ ፋብሪካ ጨርቅ አምሯል!»

ለካ ይህ ጨርቅ ሲሸጥ ከነእስሩ ነው። የሚገዛው ሰው ፊት ነው የሚፈታው፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ሲስበው ክሩ ጠሽ ጠሽ እያለ ይረግፋል፣ ጨርቁም ኩርምትምት ብሎ ይቀራል። ያ ኩርምትምት ነው በእጅ መታሰሩን የሚመሰክረው። እኔ ምስክሩን በካውያ አጠፋሁት። ያን ቀን ሳቅ አላስቆመንም። ሻሹን ራሷ ለበሰችው።

እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት አሰርን። የእሷ ዓይን እየደከመ ሲሄድ ማሰሩ ወደኔ መጣ። እሷ ንድፉን ትሥላለች፣ ቀለሙን ትበጠብጣለች። በመጨረሻው ዓመት ከእጇ የወጣ አንድም እስር አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ግራ የዞረ ነው።

ባተርሲ ውስጥ የእጅ ሥራ የሚታይበት አዳራሽ እንዳለ የሰማችው ከሆነች ሴት ነው። «ተቀበሉን» እያለች ሮጣ መጥታ በሬን ደበደበች።

«ቤን፣ ካርድ ይጽፋሉ! ከጨርቁ አጠገብ ይለጠፋል። ያንቺም የኔም ስም፤ ያንቺ ከላይ።»

እውነቱን ልናገር፤ ገንዘብ ቢሆን እንዲህ አያጓጓኝም ነበር። ስሜ እስከዚያ ድረስ የተጻፈው የካውንስል ደብዳቤ ላይ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ ላይ ነው፤ እሱም ተሳስቶ። ሠርቻለሁ ብዬ ስሜን ያየሁበት ወረቀት በሕይወቴ የለም። ልጄን በእንግሊዝኛ ፊደል አስተካክላ እንድትጽፍልኝ አድርጌ ወረቀቱን ለቤን ሰጠኋት። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። እኔም ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠናኋቸው፤ ካርዱ ላይ ሳየው እንዳይጠፋብኝ።

ትርኢቱ ሳምንት ሲቀረው መጣች። ቁጭ አላለችም።

«ቤን፣ አዳራሹ ጠባብ ነው አሉ። ከአንድ ሥራ አንድ ሰው ብቻ። አንቺ ጉልበትሽን አሳርፊ፣ ፎቶ አመጣልሻለሁ።»

አመንኳት። ምን ብዬ አላምናት? የተጠራጠረችው ልጄ ናት። «እማ፣ ቼክ አድርጌዋለሁ። ለማንም ኦፕን ነው። ተነሽ፣ ልበሺ።» ምናልባት ቤን በደንብ አልገባት ይሆናል አልኩ፤ ሰርፕራይዝ እናደርጋታለን አልኩ። ደህናውን ቀሚሴን ለብሼ በአውቶቡስም በባቡርም ባተርሲ ደረስን።

አዳራሹ ሰፊ ነው። አውቶቡስ እንኳ ገብቶ ይቆምበታል። ሰው ከብቦ ስለቆመ እሷን ሳላያት መጀመሪያ ያየሁት ካርዱን ነው። ከላይ ጀመርኩ፤ የእሷ ስም። ወረድኩ፣ እስከ ታች፤ ፊደሎቼን ፈለግኩ። ተመልሼ ከላይ ጀመርኩ። መነጽሬን አውጥቼ ጠረግኩ።

«ምን ይላል?» አልኳት ልጄን።

አነበበችልኝ። በግንብ የታጠረችው ከተማ ሴቶች ያሰሩት፤ ከእናት ወደ ልጅ የወረደ፤ ከግንቡ ውስጥ ወጥቶ የማያውቅ ሙያ። ይህንኑ ይላል።

ቤን ከጠረጴዛው ኋላ ቆማለች፣ አጊጣለች። የጨርቁን አንድ ጫፍ እሷ፣ ሌላውን አንዲት ነጭ ሴት ይዘው ሳቡት። ጠሽ ጠሽ ጠሽ። ክሬ መሬት ላይ ረገፈ። ሰው አጨበጨበ። የነጠላ ስፋት ያለው ቀይ ጨርቅ ነው፤ ከረመዳን በፊት ጀምሬ ከአረፋ በኋላ የጨረስኩት።

«አሁንም እዚያ ያስራሉ?» አለቻት ነጯ።

«አሁንም። አሮጊቶቹ። ከግንቡ ውስጥ።»

ቀና ስትል ዓይናችን ገጠመ። እጇ ቆመ።

«ጓደኛሽ ናት?» አለች ያችው ሴት፣ በደግነት፣ ወደኔ ፈገግ ብላ።

«ጎረቤቴ ናት» አለች ቤን። ከዚያ እንደ ጨነቀው ሰው ጨመረችበት፤ «ጽዳት ነው የምትሠራው።»

ውሸት የለበትም። ጎረቤቷ ነኝ፣ ጽዳት ነው የምሠራው። ልጄ «ኤክስኪውዝ ሚ፣ ይሄን ጨርቅ ያሰረችው...» ብላ ስትጀምር እጅጌዋን ሳብኳት። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀስ ብዬ፣ ለእሷ ብቻ።

«ቤን፣ ስሜ የታለ?»

«በኋላ» አለች ሳትመለከተኝ። «በኋላ እናወራለን።»

በማግስቱ በሬን መታች። ሰንሰለቱን ሳልፈታ ገርበብ አደረግኩት።

«ክፈቺልኝ ቤን።»

«እዚያው ሆነሽ ተናገሪ።»

«ሰው የሚፈልገው ከተማዋን ነው። ግንቡን ነው። ኬንቲሽ ታውን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አበሻ አሰረችው ብል ማን ያየዋል? አንቺ ብትሆኚስ ታዪዋለሽ?»

«እኔስ አይቼዋለሁ። ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«በሚቀጥለው ስምሽን አስጽፋለሁ።»

«ወረቀቱን መልሺልኝ።»

ወረቀቱን አላመጣችልኝም። ጥላዋለች ወይም ጠፍቶባታል፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በሩን ዘጋሁ፤ ድምፅ እንዳያወጣ ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት። ለምን እንደዚያ እንደተጠነቀቅኩ እኔንም ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት በር ለበር ኖርን። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ እሷ ቁልፏን ትፈልጋለች፣ እኔ ቁጥሩን አያለሁ። አላስርም አልኩ። እጄ ግን አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ የሻሼን ጫፍ ቆንጥሮ ወደ ግራ ሲያዞር አገኘዋለሁ። ደግሞም የሚቆጨኝ ነገር አለ፤ የማይጠቅም ቁጭት። ያለቀስኩላት ግንብ ነው የሚቆጨኝ። የከተማዋን ነገር ለልጄ፣ ለሥራ ጓደኞቼ፣ ለመስጊድ ሴቶች ሳይቀር አውርቼላታለሁ። የእሷን ከተማ እኔ ተሸክሜ ለንደን ሙሉ አዞርኩላት፤ እሷ የኔን ስም ከባተርሲ አዳራሽ በር ማሻገር አቃታት።

በኋላ ልጇ ወሰዳት። እዚያው ልጇ ዘንድ ሞተች ሲሉ ሰማሁ። ኢና ሊላሂ አልኩ፣ ግን ይቅር ብዬሻለሁ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ዛሬም አልወጣም።

ፍላቷን ለማስረከብ ታላቅ እህቷ ከሕንድ መጣች፤ እንግሊዝኛ አትችልም፣ አንዲት የወንድማቸው ልጅ ናት የምትተረጉምላት። ሻይ ይዤላቸው ገባሁ። ለጎረቤት ሞት ባዶ እጅ አይኬድም። ወሬ ለመጀመር ያህል «ታላቅ ከተማ ነበራችሁ፣ ከግንቡ ውስጥ መወለድ ዕድል ነው» አልኩ።

አሮጊቷ ልጅቷን ደግመሽ ንገሪኝ አለቻት። ከዚያ ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች።

ከግንቡ ውስጥ አልተወለድንም አለች። የእኛ መንደር ከበሩ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ኦቾሎኒው አገር። እናታችን የምታስረው ውስጥ ላለ ነጋዴ ነበር። ሰውየው ጨርቁን በሩ ላይ ተቀብሎ ሚስቴና ልጆቼ ናቸው ያሰሩት እያለ ይሸጠዋል፤ እናታችን ይህን ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን፣ እህቴ ደግሞ በልጅነቷ በዚህ ነገር ስታለቅስ ነው የኖረችው። ጨርቅ ይዘን ስንሄድ አህዮቹ ከሚቆሙበት አልፈን አናውቅም። እህቴ የግንቡን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው፣ ትልቅ ሴት ሆና፣ ወደ ለንደን የምትመጣበትን ወረቀት ልታወጣ የሄደች ቀን ነው አለችኝ።