ጭድ ያልገባበት ግድግዳ

አባቴን ያደነቆረው ወፍጮ ነው ብል ወፍጮውን በሐሰት መክሰስ ይሆንብኛል። ያደነቆረው ባለ ወፍጮው ነው። ሰውየው አሁን ሽማግሌ ስለሆነ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አያገኛትም።

ደርግ በወደቀ ማግሥት አባቴ ማንኩሳ ላይ በዚህ ሰውዬ የናፍጣ ወፍጮ ቤት እህል እየፈጨ ያሳድገን ነበር። ቤቱ ከግድግዳ እስከ ጣራ ቆርቆሮ ነው። በዚያ ላይ ባለቤቱ የሞተሩ ጭስ መውጫ አፍ ላይ ጣሳ ገጥሞ ቱክ ቱክ ያሰኘዋል። ያገሬ ገበሬ አህያውን የሚጭነው ያን ድምፅ ሲሰማ ነው። ርቆ የሚጮህ ወፍጮ ብርቱ ይባላል፤ ዝም ያለውን ተበላሽቷል ብለው ያልፉታል።

አባቴ ቤት ሲገባ ይጮህብን ጀመር። የተቆጣ እየመሰለን እንሸሸዋለን። ለካ የራሱን ድምፅ መስማት እየተሳነው ኖሯል።

ምሳ ሳደርስለት አንድ ነገር አስተዋልኩ። በገበያ ቀን ሙሉ ጆንያ ግድግዳውን ታክኮ ሲደረደር ጩኸቱ ይደነዝዛል። ጆንያው ወጥቶ ሲያልቅ ቆርቆሮው ተመልሶ ያብዳል። እኔና እናቴ ባዶ ጆንያ ለቃቅመን የጤፍ ጭድ ጠቀጠቅንበት፤ እሳት እንዳይዘው በጭቃ ለቀለቅነውና ግድግዳውን ዙሪያውን ከለልነው። በማግሥቱ ሞተሩ እየሠራ ከበሩ ላይ «አባዬ!» ብዬ ስጣራ ዘወር አለ። ዱቄት በለበሰ ፊቱ ሳቀልኝ።

ባለ ወፍጮው ከደጅ ጀምሮ እየተሳደበ ገባ።

«ወፍጮዬን አፈናችሁት! ድምፁ ከወንዝ ማዶ ካልተሰማ ማን ሊመጣልኝ ነው?»

«ጌታዬ፣ ጆሮዬ እኮ እየሄደ ነው» አለ አባቴ፣ ቆቡን አውልቆ።

«ለመፍጨት እጅ ነው እንጂ ጆሮ ምን ያደርጋል?»

ጆንያዎቹን በማጭድ እየቀደደ ዘረገፋቸውና ጭዱን ለበቅሎው አበላው። በቅሎዋ ስታኝክ አባቴን እያየ ሳቀ። እሳት ፈርቶ ቢሆን በገባኝ ነበር።

አባቴ ሌላ እንጀራ አልነበረውምና እዚያው ፈጭቶ ፈጭቶ ጨርሶ ደነቆረ። ቅዳሴ ላይ ሰው ሲሰግድ አይቶ ነው የሚሰግደው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ይነሣል። ከንፈር ማንበብ የሚችለው የኔን ብቻ ነው። ከኋላ ሲነሣ ባየሁት ቁጥር የበቅሎዋ አፍ ትዝ ይለኛል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዓመታት አልፈው ሰውየው ወፍጮውን ሸጠና ፍኖተ ሰላም ላይ ለእርጅናው ቤት ሠራ። እኔም ከሁለት ሴቶች ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቼ ነበር። ቀበሌው ለወፍጮ ሁለት ቦታ አሳየን፤ አንዱ ገበያው አፍ ላይ፣ ሌላው ከሰውየው ቤት ጓሮ። ጓሮውን መረጥኩ። ሴቶቹ አበደች አሉኝ፤ የአባቴን ነገር ስነግራቸው ግን ጭቃውን አብረውኝ አቦኩ።

ሦስቱን ግድግዳ ጭድ በተጠቀጠቀ ጆንያ አለበስኩና በወፍራም ጭቃ መረግሁ። ወደ ሰውየው መኝታ ቤት የዞረውን አራተኛውን ባዶ ቆርቆሮ ተውኩት። ጭስ መውጫውንም በዚያው በኩል አውጥቼ ጣሳ ገጠምኩበት።

ሰውየው ቀበሌ ከሰሰኝ። አጣሪዎች መጥተው ጎረቤቶቹን ቢጠይቁ «ኧረ ምነዋ! እኛስ አልረበሸንም» አሉ። እርጅና ነው ተብሎ በትህትና ተሸኘ። የነፍስ አባቴ በቀል የእግዜር ነው ይሉኛል። እኔም አልቀማሁትም፣ እያገዝኩት ነው እላቸዋለሁ።

የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ሞተሩን ለማቀዝቀዝ አጥፍተነው ሳለ፣ ራሱ በምርኩዝ መጣ። ደም ግፊት ይዞት ሐኪም እረፍ ብሎታል።

«ልጄ፣ ስለ እመቤታችን፣ በኔ በኩልም ጭድ አድርጊበት።»

«ድምፁ ካልተሰማ ማን ሊመጣልኝ ነው?» አልኩት።

የራሱ ቃል መሆኑን አወቀ። ደጃፉ ላይ ጆንያ ደገፍ ብሎ ወደተቀመጠው አባቴ ዞረና ባርኔጣውን አወለቀ።

«የበደልኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝና ለልጅህ ንገርልኝ።»

አባቴ ከንፈሩን አላነበበውም። ወደኔ ዞሮ «ምን ይላል?» አለ።

«እንኳን አደረሳችሁ ይላል» አልኩት፣ ከንፈሬን ቀስ አድርጌ።

የአባቴ ፊት በራ። «እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ጌታዬ!»

ሰውየው ምሕረቱን እየጠበቀ ቆመ። አባቴን አውቀዋለሁ፤ ቢሰማው ኖሮ ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ይቅር ይለው ነበር። እንዳይሰማ ያደረገው ማን ሆነና? ሄጄ ሞተሩን አስነሣሁ።