አባቴ በግራ እጁ የነዳው መኪና

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሲሚንቶ ጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲሄድ ደብረ ብርሃን ላይ እኛ ቤት በር ያቆምና፣ ሻይ ጠጥቶ፣ እናቴን አይዞሽ ብሎ፣ በጣርማ በር አድርጎ ወደ ደብረ ሲና ይወርድ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሞተሩን ሊያሞቅ ሲነሳ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ስትሮክ ነው ተባለ። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ወሬ ተወ። መናገር አቅቶት አይደለም፤ አንደበቱ ደህና ነበር። ብርድ ልብስ ተከናንቦ መስኮቱ ሥር ይቀመጥና አስፋልቱ ላይ የሚያልፈውን መኪና ያዳምጣል። አልፎ አልፎ ብቻ «ይሄኛው ጭነት በዝቶበታል» ይላል፣ ለራሱ።

እኔ ያን ጊዜ ሂሳብ አያያዝ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ቤት ነበርኩ። ወንድሜ አዲስ አበባ ሲሄድ ትቶት የሄደው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ የከባድ መኪና መንዳት ጌም ነበር። አንድ ቀን ሥራ ስፈታ ከፍቼ ስጫወት ከኋላዬ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

«በዚህ ማርሽ ነው ቁልቁለት የምትገቢው?»

«እስቲ አንተ ንዳው አባዬ» አልኩት፣ ለቀልድ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ጌሙ ግን ለሁለት እጅ የተሠራ ነው። መሪው በኪቦርዱ ግራ በኩል ባሉት ፊደሎች ይታዘዛል፤ ክላክሱ፣ ፍሬቻውና የመስታወቱ ዕይታ ያሉት በቀኝ ነው። አባቴ ፍሬቻ ለማሳየት ግራ እጁን ከመሪው ሲያነሳ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ማሳ ውስጥ ገባ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ገባ። «ተይው፣ የልጆች ነገር ነው» አለና በግራ እጁ ቀኝ እጁን አንስቶ ደረቱ ላይ አስደግፎ ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

በማግስቱ መላ ፍለጋ ጀመርኩ። ማክሮ የሚባል ነገር እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ አንድ ቁልፍ ስትነካ ኮምፒውተሩ የሌሎቹን ሥራ ተከታትሎ እንዲሠራልህ የምትጽፍለት ትእዛዝ። በሕይወቴ አንድ መስመር ኮድ ጽፌ አላውቅም። ተጫዋቾች የሚወያዩበትን ድረ ገጽ እያነበብኩ፣ ያልገባኝን እየደጋገምኩ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩትን እያየሁ የመጀመሪያዬን ጻፍኩ። ክላክሱን በግራ አውራ ጣቱ እንዲነካው ነበር።

«እስቲ ሞክረው» አልኩት። ነካው። ክላክሱ ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አልል አለ። እናቴ «ምን መኪና ነው ግቢ የገባው?» እያለች ከጓሮ ሮጣ መጣች። አባቴ ሳቀ። ከታመመ ጀምሮ ሳቁን ሰምተን አናውቅም ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ጣትሽን አንሺ እንጂ ልጄ!» አለኝ እየሳቀ።

ነገሩ በእርግጥም እሱ ነበር። ቁልፉን ተጫን ብዬ ጽፌያለሁ፣ ልቀቅ አላልኩም። ኮምፒውተር ካልነገሩት ጣቱን አያነሳም። ልቀቅ የሚለውን ብጨምርበት ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሁለታችን ሆነ። እሱ ሹፌር ምን እንደሚያደርግ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። «መጀመሪያ መስታወት ይታያል፣ ቀጥሎ ፍሬቻ። በመሃል ትንሽ ቆይ በይው፤ ዝም ብሎ አይቸኩል» ይለኛል። ኮድ ውስጥ መጠበቅ የሚባል ትእዛዝ እንዳለ የተማርኩት በዚህ ነው።

ሌላ ችግር መጣ። ሕመሙ ከእጁ ሌላ የቀኝ ዕይታውንም ወስዶበት ስለነበር ስክሪኑ ላይ በቀኝ ጥግ የሚጻፈው ፍጥነት አይታየውም። ማክሮ ቁልፍ ከመንካት አያልፍም፤ ፍጥነቱን ከጌሙ አንብቦ ግራ በኩል በትልቁ የሚጽፍ ፕለጊን ያስፈልጋል፣ ማለትም ጌሙ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም። ክረምቱ በእሱ አለቀ። መብራት እየሄደ ሥራዬን አጠፋብኝ፤ ጌሙ ገና ሲከፈት ተመልሶ ይዘጋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ኪቦርዱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

«እኔም ቁልቁለቱ መሃል ጎማ ሲፈነዳብኝ አልቅሼ አውቃለሁ» አለኝ አባቴ። «ሲወጣልኝ ወርጄ ጎማውን እፈታለሁ።»

ስህተቱ ፕለጊኑን ያስቀመጥኩበት ቦታ ነበር። ወደ ትክክለኛው ፎልደር ባዛውረው ጌሙ ተከፈተ፤ ግራ በኩል ትልቅ ቁጥር ወጣ። አባቴ ጎበዝም አላለኝ። «አርባ» ብሎ አነበበና ቀስ ብሎ መንገዱን ያዘ። ስክሪኑ ላይ ያለው በረዶ የለበሰ የፈረንጅ አገር ነው፤ እሱ ግን «ይቺ ኩርባ ጣርማ በርን ትመስላለች» ይል ነበር። እናቴ ምሳ ቀርቧል ብትለው፣ «ላድርስና፤ ጭነት ይዣለሁ» አላት።

እውነተኛ መኪና ከዚያ ወዲህ አልነዳም። እኔም የሂሳብ ሥራ ፍለጋዬን ትቼ ዛሬ የምኖረው ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው።

ፕለጊኑን ያን ጊዜ እዚያው ተጫዋቾቹ የሚወያዩበት ድረ ገጽ ላይ ለማንም እንዲሆን አስቀምጬው ነበር። ከወራት በኋላ ከማላውቀው አገር አንድ ሰው ጻፈልኝ፤ እሱም ስትሮክ ይዞት በአንድ እጁ እንደሚጫወት፣ አሁን ፍጥነቱ እንደሚታየው። ለአባቴ ተርጉሜ አነበብኩለት።

«እግሩስ? ይራመዳል?» አለኝ።

«አልጻፈም።»

«ጠይቂው። እግዜር ይማርህ ብሎሃል አባቴ በይው።»

ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ለምርቃቱ ልክ የሚሆን ቃል ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፤ በራሳችን ፊደል እንዳለ ጽፌ ላክሁለት።