በሙሽራዋ ደጅ የተነገረው ስክሪፕት

አምደሚካኤልን ሁለት ዓመት ሙሉ ለምኜዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ባለው ማሠልጠኛችን መዝገቡን ሁሉ የያዘውን ሰርቨር የሚጠብቀው እሱ ነው፤ እኔ ታየች ከጎኑ ተቀምጬ ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር አላቅቃለሁ። ጭቅጭቃችን አንድ ነው። እኔ ኮምፒውተርን ሥራ የምታዝ ትንሽ ስክሪፕት ባገኘሁ ቁጥር ወዲያው ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እለቃለሁ። ግሩፑ ውስጥ ከአማኑኤል እስከ መርጡለ ማርያም የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚያይ ሁሉ አለ። አንዱ የተኛ ፕሪንተር የሚቀሰቅስ ሁለት መስመር ይልካል፣ ሌላው የኔትወርክ ማስተካከያ፤ እኛም እየተመራረቅን እንገለብጣለን። አምደሚካኤል አባል ሆኖ አንዲት ነጥብ እንኳ ጽፎ አያውቅም።

ጥፋቱ የቅኔ ቤት ነው። ኮምፒውተር ከመንካቱ በፊት ስድስት ዓመት ቅኔ ተምሯል። እዚያ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም ነውር ነው። የሌላውን ጥሩ ቅኔ የሰማ «ይበል!» ይላል እንጂ ወስዶ የራሱ አያደርግም። ይህን ሕግ እንዳለ ይዞት ሰርቨር ክፍል ገባ። በየሰኞው ሰርቨሩ ውሎውን የሚጽፍባቸውን አሮጌ የሎግ ፋይሎች የሚያጸዳ ስክሪፕት ከባዶ ይጽፋል፣ ያስነሣዋል፣ ከዚያ ይሰርዘዋል። አዎ፣ ይሰርዘዋል!

«አስቀምጠው እንጂ አንተ ሰው!» ስለው፣

«የትናንቱን ሲደግም የሚውል ሰው ምን አእምሮ ይቀረዋል?» ይለኛል።

ጸጉሬን ልነጭ እደርሳለሁ። ደግሞ ሲጽፍ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ነው፤ እያናደደኝም ደስ ይለኛል።

ባለፈው ጥር አገባ። ሙሽራዋ መቅደላዊት የሉማሜ ልጅ ናት። የሰርጉ እሑድ የብቃት ምዘና ምዝገባ የሚዘጋበት ቀን ሆኖ አረፈው፣ ያውም ስድስት ሰዓት ላይ። ለምን እሑድ እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ። ሰርጉ ቀርቶብኝ ቢሮ ተቀመጥኩ። አምስት ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ቀጥ አለ። ዲስኩ ሞልቷል! ለካ ሙሽራው በሰርግ ሽር ጉድ ሁለት ሰኞ ዘሏል።

ግቢው ውስጥ ሃያ ስምንት ሠልጣኞች ቅጽ ይዘው ቆመዋል። ዛሬ ካልተመዘገቡ ዓመት መጠበቃቸው ነው። ሂዊ የምትባል የኤሌክትሪክ ሠልጣኝ ፊቴ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ከግሩፑ የማጽጃ ስክሪፕት አላጣሁም። ግን አምደሚካኤል ፎልደሮቹን በቅኔ ቤት ቃላት ሰይሟቸዋል፦ «ዜና»፣ «ነገር»፣ «ምሥጢር»። የትኛው ሎግ፣ የትኛው የሠልጣኝ መዝገብ እንደሆነ በምን ልወቅ? ብሳሳት የሁሉንም ስም ጠራርጌ ማጥፋቴ ነው። ለሙሽራው ደወልኩ።

ኋላ እንደነገሩኝ፣ ሉማሜ የሙሽራዋ ጓደኞች በር ዘግተው ከበሮ ይደልቃሉ፤ ሙሽራው ካባውን ለብሶ ከአራት ሚዜዎቹ ጋር ደጅ ቆሟል። ስልኩን ያነሣው አንደኛ ሚዜው አንሙት ነው፤ የቅኔ ቤት ጓደኛው። ጉዳዩን ነግሬው ወዲያው አቀበለልኝ።

«ታየች፣ የምነግርሽን ጻፊ» አለ አምደሚካኤል።

«ከበሮው! ምንም አይሰማኝም!»

ቅኔ ቤት ተቀባይ የሚባል አለ፤ ባለቅኔው ያለውን ቃል ለጉባኤው ከፍ አድርጎ የሚደግም። አራቱም ሚዜዎች እዚያው ያደጉ ናቸው። አንሙት ስልኩን መሐል አድርጎ ያዘው።

«ፋይንድ!» አለ ሙሽራው።

«ፋይንድ!» ብለው ተቀበሉት አራቱ።

«ስላሽ፣ ዜና!»

«ስላሽ፣ ዜና!»

«ምሥጢር የሠልጣኞቹ መዝገብ ነው፣ እንዳትነኪ!»

«እንዳትነኪ!»

በዚህ መሐል ከበሮው ቆመ። ሴቶቹ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈዋል መሰለኝ።

«ዳሽ ኤምታይም፣ ፕላስ ሠላሳ! ሠላሳ ቀን ያለፈውን ብቻ ነው!»

«ያለፈውን ብቻ!» አሉ አሁን ሴቶቹም ከውስጥ።

«ዳሽ ዲሊት ከሁሉም መጨረሻ! ካስቀደምሽው ሁሉንም ይበላዋል!»

«መጨረሻ!» አለ የሉማሜ ሰርገኛ በሙሉ።

ጻፍኩት። ሁለቴ አነበብኩት። ኢንተርን ተጫንኩ። መቶ ከመቶ ሞልቶ የነበረው ዲስክ ስድሳ ሁለት ላይ ወረደ፣ ሰርቨሩም ተነሣ! እልልታዬን ለቀቅኩት፤ ሂዊም ተከተለችኝ፤ በስልኩ ከወዲያ የባሰ እልልታ መጣ፣ የበሩ መከፈትም ተሰማኝ። የመጨረሻዋ ሠልጣኝ ስትመዘገብ ለስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

በማግስቱ ስክሪፕቱን ከነአምደሚካኤል ስም ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት። ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ ሰርግ ቤት ሙሉ የደገመውን ከማን ልደብቀው? ግን የጫጉላው ሳምንት እስኪያልቅ እንቅልፍ አልነበረኝም። ይቀየመኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

በቀጣዩ ሰኞ አምደሚካኤል ሥራ ገባ። ሰላም አለኝ፤ ስለ ግሩፑ ግን አላነሣም። ከባዶ ሊጽፍ ኪቦርዱን ሳብ ሲያደርግ ስልኮቻችን እኩል ጮኹ። ታረቀኝ የሚባል፣ ሁለታችንም አይተነው የማናውቅ የመርጡለ ማርያም ልጅ፣ ያንኑ ስክሪፕት አንድ መስመር ጨምሮበት መልሶ ልኮታል። አሁን ስክሪፕቱ ከማጥፋቱ በፊት ምን ሊያጠፋ እንደሆነ ዘርዝሮ ያሳያል።

አምደሚካኤል አነበበው። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ድጋሚ አነበበውና ከወንበሩ ብድግ አለ። አለቀልኝ አልኩ። እሱ ግን ቆሞ፣ በአንድ ጣቱ፣ የሁለት ዓመት ዝምታውን የሰበረች አንዲት ቃል ግሩፑ ላይ ጻፈ፦

«ይበል!»

እኔ እየሳቅኩ እንባዬ መጣ። እሱ ተቀመጠ፣ የታረቀኝን ስክሪፕት ገለበጠ፣ ሰርቨሩ ላይ አስቀመጠው። ያን ሰኞ ከባዶ አልጻፈም።