ቀድሜ የቀዳሁት ውሃ

ልጄ ቤቲን ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ደግፈው አስገቧት። ግንባሯን ነካሁ። እሳት ነው። ሆዴን አለች። አስመለሳት። አመሻሹ ላይ መቃዠት ጀመረች። እማዬ ማለት ትታ በስሜ ጠራችኝ። ያኔ ፈራሁ።

ጤና ጣቢያ ደሟ ታየ። ታይፎይድ ነው አሉኝ። ግሉኮስ ተተከለላት። ዐይኗን አልገለጠችም። ጌታን ለመንኩት።

ጎረቤቴ ዘይነባ ከልጇ ከሀያት ጋር አጥሚት ይዛ መጣች። የሀያት ፀጉር ወገቧ ይደርሳል፤ ፊቷ ጥርት ያለ ነው። እውነቱን ልጻፍ፣ አጥሚቱ አልታየኝም። ሀና ማርያም አንድ ግቢ ተከራይተን፣ ካንድ ቧንቧ ቀድተን፣ የኔዋ ተኝታ የሷ ቆማለች። ቅናት አንጀቴን በላው።

ሐኪሙ ስለ ውሃ ጠየቀኝ። በፈረቃ ነው የሚመጣው አልኩት።

«ሲመጣ ማን ቀድሞ ይቀዳል?»

«እኔ ነኛ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። እኛ ግቢ ጀሪካኑን ቀድሞ የደረደረ ነው ጎበዝ። ዘይነባ ሁሌ መጨረሻ ናት፤ «የቤቲ እናት፣ ከቧንቧው ጋር ተጋብታችኋል እንዴ?» ትለኝ ነበር።

«ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው መስመሩ ውስጥ የገባውን ቆሻሻ ይዞ ሊመጣ ይችላል» አለኝ ሐኪሙ። «በሽታው ከዚያ ነው ብዬ አልምልም። ግን መጀመሪያውን አስፈስሱት። የሚጠጣውን አፍሉት።»

ለካ ስሽቀዳደም ድፍርሱን ለልጄ እየወሰድኩ፣ ጥሩውን ለሀያት ስተውላት ኖሬአለሁ።

ቤቲ መድኃኒቷን ጨርሳ፣ እህል እየቀመሰች፣ ግድግዳ ሳትይዝ መራመድ ስትጀምር ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ፀጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣ ጀመር። ሐኪሙ ከከባድ ትኩሳት በኋላ እንደሚያጋጥም፣ ተመልሶም እንደሚበቅል ነገረን። ሀያት የቀረውን ሹሩባ ልትሠራላት ስትቀመጥ የራሷ ያ ረጅም ፀጉር የልጄ ትከሻ ላይ ወረደ፤ እንደገና ቀናሁ። አሁን የቤቲ ግንባር ዙሪያ አጫጭር ፀጉር በቅሏል፤ በጣቴ እየዳሰስኩ አስቸግራታለሁ።

ዛሬ ዛሬ ውሃ ሲመጣ ዘይነባ «ቅደሚ እንጂ» ትለኛለች።

«አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ጠግቤአለሁ» እላታለሁ። የመጀመሪያውን ለሽንት ቤት በባልዲ ይዘን እስኪጠራ እንጠብቃለን።

እናቶች፣ ትኩሳት ሲጠና ቤት አትቀመጡ። መድኃኒቱን ልጁ ተሻለው ብላችሁ አታቋርጡ። ውሃውን አፍሉ፤ ማስቀመጫውንም እጠቡ።

ጌታን፣ ሐኪሙን፣ አጥሚት ያመጣችልኝን ዘይነባን አመሰግናለሁ። የሀያትን ፀጉር ሳይ አሁንም ትንሽ እቀናለሁ። ልጄ ግን ድናለች። እማዬ እያለችኝ ነው።