በሩን የሚዘጋው መስመር

ከወልድያ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቀኝ ክንዴን የወንበሩ ብረት ላይ አንጠልጥዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሰቆጣ መነኻሪያ ስንደርስ ነቃሁ። ቦርሳዬን ላነሣ ሞከርኩ። እጄ ከአንጓው ታጥፎ ተንጠለጠለ። በግራ እጄ ቀና አደረግሁት። ለቀቅሁት። ወደቀ።

ስትሮክ መሰለኝ። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሟ ፈገግ በል አለችኝ፣ እግሬን አስነሣችኝ፣ ክንዴን መታ መታ አደረገች።

«ስትሮክ አይደለም» አለች። «ራዲያል ነርቭ የሚባለው የክንድህን አጥንት ታክኮ ነው የሚያልፈው። ብረቱ ተጭኖታል እንጂ አልተቆረጠም። ግን ሳምንታት፣ ምናልባትም ወራት ይፈልጋል።»

ወራት የሚለው ቃል ገደለኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የመንገድ ሥራ ካምፕ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የምሠራው። ካምፑ በሳጥንና በመደርደሪያ ላይ የዕቃውን ስም በአማርኛና በቻይንኛ የሚጽፍ አንድ ሰው ሊቀጥር ፈተና አውጥቶ ነበር። ለዚያ ብዬ ሚስተር ሊ ከሚባል መሐንዲስ ዘንድ እሑድ ከሰዓት እማር ነበር። ባለቤቴ ለምለም መጀመሪያ ወደ ትምህርቱ የመጣችው እኔን ለማጀብ ብቻ ነው።

እኔ የቁም ጸሐፊ ልጅ ነኝ። አባቴ ብራና ላይ ሲጽፉ በጥቁሩ ቀለም ይሄዱና የቅዱሳን ስም የሚገባበትን ቦታ ክፍት ይተዉታል፤ በኋላ ተመልሰው በቀዩ ይሞሉታል። እኔም እጄ የለመደው ይህንኑ ነው። ቻይኖች ደግሞ አራት ማዕዘን ቤት የመሰለ፣ ውስጡ ሌላ ምልክት ያለበት ፊደል አላቸው። ቤቱን በአራቱም በኩል ግጥም አድርጌ እዘጋና ውስጡን በኋላ እሞላዋለሁ። ሲያዩት ያምራል። ሚስተር ሊ ግን አናቴ ላይ ቆሞ ይሰርዘዋል።

«መጀመሪያ ግባ! ኋላ በር ዝጋ!»

ግራው ይቀድማል። ላዩና ቀኙ ተያይዘው ይከተላሉ፣ ከዚያ ውስጡ ይሞላል፤ የታችኛው መስመር መጨረሻ ነው። በፈተናውም የሚታየው ይኸው ቅደም ተከተል ነበር። ለምለም ደሃና ወረዳ፣ ቤቷ ኽምጣና የሚባለውን የአገው ቋንቋ እየተናገረች አድጋ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረች ናት፤ አዲስ ፊደል አያስደነግጣትም። እንደተነገራት ጻፈች።

እጄ አንጓዬን ደግፎ በሚይዘው ስፕሊንት ውስጥ ከገባ በኋላ ቅናት ያዘኝ። ይህን የሚያነብ ሕመምተኛ እሱ ብቻ ክፉ የሆነ እንዳይመስለው በግልጽ ልናገር። በሚስቴ እጅ ቀናሁ። እርሳስ ስትይዝ ቀጥ ብሎ በሚቆመው አንጓዋ ቀናሁ። ሚስተር ሊ «ጎበዝ!» ሲላት የምጠጣው ሻይ ይመረኛል። ወረቀቷ ላይ ስህተት ስፈልግ እውላለሁ። አላገኘሁም።

አባቴ ጠበል ይዘውልኝ መጡ። ፊቴን አዩና «አንተ ልጅ፣ እጅህን ነው ያመመህ ወይስ ልብህን?» አሉኝ። ጠበሉን ተቀብዬ ጠጣሁ።

የፈተናው ቀን እኔ በእጄ ምክንያት ቀረሁ፤ ለምለም ተፈተነች። አለፈች። እንኳን ደስ አለሽ አላልኳትም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አሳርፌ እጄን ወደ ላይ ለማንሣት እንድሞክር አዘዘኝ። «ባይንቀሳቀስም ሞክር። ነርቩ ሲመለስ መገጣጠሚያህ ደርቆ እንዳይጠብቀው።» ለምለም ይህን ሰምታ ኖሮ፣ ጠዋት ወደ ካምፕ ከመሄዷ በፊት አንድ ወረቀት ታስቀምጥልኝ ጀመር። ቤት የሚመስሉት ፊደሎች ተደርድረውበታል፤ ውስጣቸው ተሞልቷል፣ የታችኛው መስመር ግን የላቸውም።

«በል፣ በሩን አንተ ዝጋው» አለችኝ።

ምጽዋት መሰለኝና ወረቀቱን ገፋሁት። ከሄደች በኋላ ግን ቅናቴ ራሱ አላስቀምጥ አለኝ፤ ከሷ መስመር ጋር ሲተያይ የማያሳፍር መስመር ላሰምር ብዬ፣ እርሳሱን በስፕሊንቱ ላይ በጨርቅ አስሬ፣ ክንዴን ከትከሻዬ እየጎተትኩ መዝጋት ጀመርኩ። መስመሬ ሰካራም የሄደበት መንገድ ይመስል ነበር፤ እሷ ግን ምንም ሳትናገር በማግሥቱ ሌላ ወረቀት ታስቀምጣለች፣ እኔም እያጉረመረምኩ እዘጋለሁ፤ እንዲህ እያልን ስንቆይ መጀመሪያ አንጓዬ ከጠረጴዛው ትንሽ ቀና አለ፣ ቀጥሎ ጣቶቼ መዘርጋት ጀመሩ፣ ከሁሉ ዘግይቶ አውራ ጣቴ ተከተላቸው።

እጅ በድንገት ሲወድቅ ስትሮክም ሊሆን ይችላልና እቤት አትቀመጡ፤ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስፕሊንቱ ሰለቸን ብላችሁ አታውልቁት። ጠበሉን ጠጡ፣ እንቅስቃሴውንም ሥሩ። በጤነኛ ሰው እጅ ብትቀኑም አትደንግጡ፤ እኔን ከጠረጴዛው ጋር ያቆየኝ ቅናቱ ነው። ሐኪሟንና ባለሙያውን እግዜር ይስጥልኝ።

ለምለም ዛሬም ትበልጠኛለች። ግምጃ ቤቱ በሷ ጽሕፈት ተሞልቷል፤ ሳጥን ባነሣሁ ቁጥር እቀናለሁ። በቀደም አንዱ ሳጥን ላይ ስትጽፍ ደረስኩ። የታችኛውን መስመር ተወችና ብሩሹን ዘረጋችልኝ።

«እጄ እኮ ድኗል» አልኳት።

«አውቃለሁ። ዝጋው» አለች።

ተቀብዬ ዘጋሁት። እንኳን ደስ አለሽ ያልኳት ያን ጊዜ ነው።