ዲስኮቹን ያለበስኩበት ሳምንት

ሰበታ ባለው የሳሙና ፋብሪካ በጽዳት የተቀጠርኩ ዕለት፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ መጥረጊያ፣ መወልወያና ሁለት ባልዲ አስረከበችኝና አንድ በር ከፍታ አሳየችኝ። «ይሄ ሰርቨር ነው። የፋብሪካው መዝገብ በሙሉ እሱ ውስጥ ነው። ውኃ እንዳታስጠጊው፣ አቧራም እንዳይነካው» አለችኝ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ሰርቨር ማለት ፍሪጅ የሚያክል፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ቁም ሳጥን መሆኑን ያን ዕለት አወቅሁ።

ሁለት ልጆቼን የማሳድገው ብቻዬን ነው። ከሥራ መባረርን የሚያህል የምፈራው ነገር አልነበረም። ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ፍርሃት ነው።

መዝገቡ የሚቀመጥባቸው ዲስኮች አራት ናቸው፤ ፊት ለፊት እንደ መሳቢያ ተደርድረዋል። በየመሳቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ጫን ሲሏት መሳቢያው ይወጣል። የኮምፒውተር ባለሙያችን ቶሎሳ ሲያደርገው አይቻለሁ። የቡራዩ ልጅ ነው፣ ቀልደኛ።

አንድ ቅዳሜ የመብራት ጥገና አለ ተብሎ ሰርቨሩ ጠፍቶ ዋለ። ከፊታችን መንገድ ይቆፈር ስለነበር አቧራው በመስኮት ይገባል። ቤቴ የቴሌቪዥኑን ሪሞት በላስቲክ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው፤ ከተገዛ ጀምሮ አንድ ቁጥር አልጠፋበትም። እንደዚያው ይሁን ብዬ ዲስኮቹን አወጣሁ። ከኋላቸው ወርቅማ ጥርስ አላቸው። አቧራ የሚገባው በዚህ ነው ብዬ በየጥርሱ ላይ ስስ ላስቲክ ወጥሬ አለበስኩና መለስኳቸው። ጠበብ ሲለኝ በመዳፌ ገፋሁት። ከፊት ምንም አይታይም። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩ ሲበራ ዲስክ የለም አለ። ቶሎሳ አጥፍቶ አበራው። የለም። ኬብል ቀየረ። የለም። ከፍላሽ ፕሮግራም ጫነ፤ የዲስኮቹ ዝርዝር ባዶ።

ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ገመቹ መጡ።

«አራቱም እዚህ አሉ፣ እያየኋቸው ነው። እሱ ግን አላይም ይላል» አላቸው ቶሎሳ።

«ታዲያ መነጽር እንግዛለት?»

«የሚያገናኛቸው ካርድ ሳይቃጠል አልቀረም።»

«ማን አቃጠለው?»

ቶሎሳ ወደ ኬብሉ ተመለሰ። እኔ መስኮት እየወለወልኩ ነበር፤ ያንኑ አንድ መስኮት ለሦስተኛ ጊዜ።

ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ሌላ ባለሙያ መጣ። እሱም ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ዋለ። ደረሰኝ ማውጣት ስላልተቻለ የጭነት መኪኖች በሩ ላይ ተሰለፉ፤ የሾፌሮቹ ስድብ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ይሰማኛል። ረቡዕ ጸሐፊዋ ጠጋ ብላ «ካርዱን አቃጥሏል ተብሎ ለቶሎሳ የስንብት ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው» አለችኝ።  መወልወያዬን ይዤ ሁለቱ ባለሙያዎች ወዳሉበት የሰርቨር ክፍል ገባሁ።

«ቶሎሳ፣ አንድ ነገር ብነግርህ አትጮህብኝም?»

«የምጮህበት ጉልበት የለኝም፣ እትዬ ሙሉ።»

«ዲስኮቹን አልብሻቸዋለሁ።»

«ማል ጎቴ? ምን አደረግሽ?»

«ላስቲክ። አቧራ እንዳይነካቸው ብዬ።»

አንዱን ስቦ አወጣና ከኋላው አየው፤ ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ጥርስ በላስቲክ ተሸፍኗል። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። የአዲስ አበባው ባለሙያ ግን አልሳቀም። «አፋቸውን አስረን ነው እንዴ ሦስት ቀን ሙሉ አቤት በሉ የምንላቸው?» አለ። ላስቲኩን አወለቁ፤ ጥርሱን በደረቅ ጨርቅ ጠረጉ፤ ቀጭ እስኪል ገፍተው መለሱ። ሲበራ አራቱም ስክሪኑ ላይ መጡ።

ኦቦ ገመቹ አስጠሩኝ።

«ሰኞ ለምን አልተናገርሽም?»

«ያባርሩኛል ብዬ፣ ጌታዬ።»

«ዛሬስ አላባርርሽም?»

«ዛሬ እሱን ሊያባርሩ ነው ሲሉኝ ጊዜ።»

 ጸሐፊዋን ጠርተው «የቶሎሳን ደብዳቤ ተይው። ለእሷ ማስጠንቀቂያ ጻፊላት» አሏት። ጸሐፊዋ ምን ብላ እንደምትጽፍ ጨንቋት ነበር። ማስጠንቀቂያው እስከ ዛሬ ፋይሌ ውስጥ አለ፤ «የመሥሪያ ቤቱን ዲስክ ያለ ፈቃድ አልብሳ በመገኘቷ» ይላል።

አሁንም እዚያው ነኝ፤ የክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ቶሎሳ ማሽን ዲስክ የለም ባለው ቁጥር መጀመሪያ ዲስኩን ስቦ ከኋላው ያያል፤ ስክሪኑ ከዚያ በኋላ ነው። እኔም የማልሠራበትን ዕቃ አልነካም። ከነካሁ ደግሞ በዚያው ቀን እናገራለሁ። ያኔ ሁለት ቀን ዝም በማለቴ ሰው ከሥራው ሊወጣ ነበር።