ክር ገዝቼ እመለሳለሁ ብዬ

ከገሱባ የወጣሁት በውሸት ነው። የእማዬን ጋቢ እኩሌታውን ሠርቼ ማግ አልቆብኝ ነበር፤ «ሶዶ ደርሼ፣ ክር ገዝቼ ማታ እመለሳለሁ» አልኳት። ምንም ሳትጠረጥር «ጃኬትህን ደርብ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር ይበርዳል» አለችኝ። ደላላው ሶዶ መናኸሪያ ይጠብቀኝ ነበር። ከዚያ ሞያሌ፣ ከዚያ በጭነት መኪናና በእግር ስንት አገር! የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ያልሄዳችሁበት አትሂዱበት፣ ሌላ ምን እላለሁ?

ይኸው ሰባት ዓመቴ፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር፣ የአገሬ ልጅ ሱቅ ውስጥ እሸጣለሁ። እዚህም ሰኔ ክረምት ነው፣ ግን ዝናብ የለው፣ ጭቃ የለው፣ አጥንት የሚገባ ደረቅ ብርድ ብቻ። ፓፕ የሚሉት ገንፎ ቅቤ አይነካውም፤ ዳጣማ ከየት መጥቶ! ደክሞኛል። ከሁሉ የከበደኝ ግን እማዬ ናት። ስደውል የምታነሳው እህቴ አስቴር ናት፤ እማዬ ከኋላ «እኔ የላክሁት ሶዶ ነው፤ ከሰው አገር የሚደውል ልጅ የለኝም» ስትል ይሰማኛል።

የምኖረው ጎጎ የምንላቸው አሮጊት ጓሮ ተከራይቼ ነው፤ ጎጎ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። በሹራብ ሥራ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል፤ የቤተክርስቲያናቸው መዘምራን የእጃቸውን ሥራ ነው የሚለብሱት። አንድ እሑድ ቆሜ እጃቸውን ስመለከት ያዙኝ።

«ምን ታያለህ? ይሄ የሴት ሥራ ነው።»

«እኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እኔም ሸማኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ደግ አገር ነው» ብለው ሳቁና ሁለት መርፌ አቀበሉኝ።

የመጀመሪያ ትምህርቴ እጄን ማላላት ነበር። ሸማኔ ማጉን መትቶ ያጠብቃል፤ ሹራብ ግን ካጠበቁት መርፌው አይገባም። «ክሩን አትነቀው፣ ጣትህ ላይ ይንሸራተት» ይሉኛል። አዲስ ክር የሚቀጠለው ጠርዝ ላይ እንጂ መሐል ላይ አይደለም። ከመርፌው ያመለጠ የክር ቀለበት ካለ ደግሞ መደንገጥ የለም፤ በኪሮሽ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ እየሳቡ ማውጣት ነው።

ትንሽ ሲገባኝ ለእማዬ ሹራብ ጀመርኩ፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር።

«የየትኛው ክለብ ማሊያ ነው?» አሉ ጎጎ።

«የአገሬ ልብስ ቀለም ነው።»

ጀርባውን ጨርሼ ሳሳያቸው አገላብጠው አዩት። «ልኳ ስንት ነው?»

አፈርኩ። እናንተዬ፣ ጋቢ መቼ ልክ አለው? ወፍራሙም ቀጭኑም ይጠቀለልበታል። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸምን የሰው ደረት ለክቼ አላውቅም።

«ሹራብ ገላን ይጠይቃል» አሉ። «መጀመሪያ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ሥራ፣ እጠባት፣ በስንዝር ስንት ቀለበት እንደሚገባ ቁጠር። ከዚያ እናትህን ጠይቅ።»

«እናቴ አታናግረኝም።»

«እንግዲያው ተርትረው።»

የወር ሥራዬን ተረተርኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይሄ ነው።

መዳፍ የምታህለዋን የሠራሁት የጥገኝነት ወረቀቴን ላሳድስ ሰልፍ ይዤ ነው። ተራዬ ሲደርስ ሹሙ መርፌዬን አየና «ለማን ነው?» አለ።

«ለእናቴ።»

«ራስህ አትወስድላትም?»

«ከወጣሁ መልሳችሁ ታስገቡኛላችሁ?»

«አናስገባህም።»

«እንግዲህ!»

«ቀለሙ ግን ያምራል» ብሎ ማህተሙን መታልኝና «ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ» አለኝ።

እሑድ ለአስቴር ደወልኩ። «እማዬን በስንዝርሽ ለኪልኝ፤ ሹራብ ልሠራላት ነው።» ስልኩን አስቀምጣ ሄደች። እማዬ እምቢ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አስቴር ተመልሳ «ዝም ብላ ቆመችልኝ» አለች። «ደረቷ ዙሪያውን አራት ስንዝር ነው።»

እኔ የተረተርኩት ስድስት ስንዝር ለሚሞላ ደረት የጀመርኩትን ነበር።

«ታማለች?»

«አልታመመችም። አርጅታለች።»

አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ያን ጊዜ ስልኩ እጅ ለወጠ።

«ክሩን አገኘኸው?» አለች እማዬ።

በሰባት ዓመት ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«አገኘሁት፣ እማዬ።»

«እንግዲያው መሽቷል፣ ልጄ። ና፣ ግባ።»

«እሺ፣ መጣሁ» አልኳት፤ ክር ልገዛ ብዬ እንደወጣሁበት ቀን።